መርፌ ሲያይ ለሚሸሸግ ልጅ የዶሮ ላባ

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከቢቸና አካባቢ ነው። ልጄ 4 ዓመት ከ3 ወር ሆኖታል። ባለፈው ክረምት የሳንባ ምች ይዞት ጤና ጣቢያ 5 ቀን ሙሉ መርፌ ተወጋ። እየታገለ ሲያስቸግር አባቱና ሌሎች ሁለት ሰዎች አጋድመው ይይዙት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው መንገድ ላይ ካየ ቀሚሴ ሥር ይሸሸጋል። ባለፈው ወር ደግሞ ትኩሳት ይዞት «ገበያ እንሂድ» ብዬ አታልዬ ወሰድሁት፤ መርፌውን ሲያይ ስልኬን ሰጠሁት፣ ወርውሮት ሮጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀበሌያችን ውስጥ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ አለ። ታናሽ እህቱም 9 ወሯ ስለሆነ አብራ ትከተባለች። ሰው ሁሉ «አዘናጊው» ይለኛል። እንዴት ነው የሚዘናጋው?»

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

ስልኩን የወረወረው ነገሩ ስለማይሠራ አይደለም፤ ስልኩ ስለዘገየ ነው። መርፌውን ካየ በኋላ ልቡም ዓይኑም እዚያው ላይ ተተክሏል። ያን ጊዜ የሚመጣ ማንኛውም መጫወቻ ለልጁ ሁለተኛ ማታለያ ነው። የመጀመሪያው «ገበያ» የሚለው ነበር።

«ማዘናጋት» የሚለውን ቃል እኛም ብዙ አንወደውም። በአማርኛችን «አዘናጋው» ሲባል ቀድሞ የሚታየን ኪስ አውላቂ ነው። እዚህ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ልጁ መርፌ እንዳለ ያውቃል፣ መቼ እንደሆነ ያውቃል፣ አእምሮው ግን በሌላ ሥራ ተይዟል። ጨዋታ ላይ ያለ ልጅ ጉልበቱ ተልጦ ደም ሲወርድ ልብ አይልም። ቤት ገብቶ እናቱ «ውይ!» ስትል ነው የሚያለቅሰው። ቁስሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ትኩረቱ ነው። የሰው ትኩረት የሚይዘው ውስን ስለሆነ፣ ከሚይዘው ላይ ብዙውን ጨዋታ ከወሰደው ለሕመሙ የሚተርፈው ትንሽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይህንኑ መንገድ አስገብቶታል።

ልጅዎ ሞልቃቃ ሆኖ አይደለም የሚሸሸገው። ትንፋሽ ባጠረው ሰዓት፣ ተጋድሞ፣ ሦስት ሰው ይዞት በተከታታይ የተወጋ ልጅ ነጭ ልብስ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ተምሯል። (መርፌው ደግሞ ሕይወቱን አትርፎለታል፤ ባለቤትዎ ላይ እንዳይፈርዱ።) ያን ትምህርት በአንድ ቀን በስልክ መሻር አይቻልም። ሦስት ሳምንት ግን ጥሩ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይቁም። «አርፈህ ካልተቀመጥህ አስወጋሃለሁ»፣ «ያቻት ሐኪሟ መጣች» የሚሉት ማስፈራሪያዎች ከዛሬ ጀምሮ ከእርስዎም፣ ከአያቱም፣ ከጎረቤትም አፍ ይውጡ። ጠዋት እንደ ጅብ የተነገረን ሰው ከሰዓት እንደ ወዳጅ ማቅረብ አይቻልም።

ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። ከፋርማሲ አንድ ያልተከፈተ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይግዙና መርፌውን ነቅለው እዚያው እንዲያስቀሩልዎ ይጠይቁ። ከጤና ተቋም ግቢ የተለቀመ ወይም አንዴ ያገለገለ ሲሪንጅ በምንም ምክንያት ቤት አይግባ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ይርጭበት፣ በቃ። ሲለምደው የጨርቅ አሻንጉሊት ይስጡትና ከታቢው እሱ ይሁን። አሻንጉሊቷን በእርጥብ ጥጥ ይጥረግ፣ «ይውጋ»፣ ይቀፋት። ቀጥሎ እርስዎን፣ ከዚያ አባቱን ይከትብ። በሁለተኛው ሳምንት ተራው የእሱ ይሆናል፦ ክንዱን በእርጥብ ጥጥ ነካ ማድረግ፣ በማግሥቱ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ጫፍ ማሳረፍ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ቁንጥጫ። በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ጥሎ ከሄደ ይሂድ፤ ነገ ካቆመበት ሳይሆን ከዚያ አንድ እርከን ወረድ ብለው ይጀምሩ። እየጎተቱ ማስጨረስ የጀመሩትን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ከተቻለ ከዘመቻው በፊት አንድ ቀን ክትባት በሌለበት ሰዓት ጤና ኬላው ድረስ ብቅ ይበሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጋወኗን አውልቃ ስሙን ጠርታ ሰላም እንድትለው ይለምኗት። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ትመለሳላችሁ። ወደዚያ መሄድ ሁሉ መወጋት እንዳልሆነ በዓይኑ ያየዋል።

አሁን ወደ ላባው። ከዶሮ ደረት የወጣ ለስላሳ ላባ፣ ከጣት የማይረዝም፣ በሳሙና ታጥቦ የደረቀ። መዳፍዎ ላይ አድርገው ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁትና «ንፋ!» ይበሉት። ላባው ሲበር ሌላ ያስቀምጡ። ይኸው ነው ጨዋታው። ለምን ላባ? የሚነፋ ልጅ መጮህ አይችልም፣ ትንፋሹንም መያዝ አይችልም። ልጅ ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፣ ክንዱን ያጠነክራል። በተወጠረ ጡንቻ ደግሞ መርፌ ይብሳል። ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ክንዱ ራሱ ይለሰልሳል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ቤት ውስጥ ካልተጫወታችሁበት ግን በዕለቱ አይታወሰውም። ቶሎ ቶሎ ከነፋ ያዞረዋል፤ በሁለት ንፊያ መካከል ትንሽ ያሳርፉት። ለዕለቱ ስድስት ሰባት ላባ ይያዙ፤ የሚበር ነገር ይጠፋል።

ላባ ካሰለቸው የሳሙና አረፋ ይሆናል፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር። ስኳሩ አረፋው ቶሎ እንዳይፈነዳ ያግዛል። አረፋ እንዳይሞላው ቀስ ብለው ያማስሉት። መንፊያው እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ ቀጭን ሽቦ ይሁን፣ አገዳ አይሁን፤ ልጅ በአገዳ ሳሙናውን ይስበዋል። ነፋስ ያለበት ደጃፍ ላይ ግን አረፋ አይሆንም።

ምንም ዕቃ በእጅ ከሌለ አፍ አለ። የቡሄ ጭፈራን ያስቡት። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው በረጅሙ «ሆ!» እያለ ይቀበላል። ያቺ «ሆ» ሙሉ የወጣ ትንፋሽ ናት። እንቆቅልሽም ለ4 ዓመት ልጅ ይሆናል፣ ግን መልሱን የሚያውቀው ይሁን፦ «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር፣ የማይደክመው?» «ወንዝ!» አዲስና ከባድ እንቆቅልሽ በዚያ ሰዓት አይያዝም፤ ዝም ይልና ወደ መርፌው ይመለሳል።

ስልክ ከተጠቀሙ ቪዲዮው ቀድሞ የወረደ ይሁን። ኔትወርክ ተቋርጦ ስክሪኑ ላይ ቀለበት ሲዞር፣ ወይም ማስታወቂያ ሲገባ፣ ልጁ ቀና ይላል፤ ቀና ሲል መርፌውን ያያል። ከሁለት ቪዲዮ አንዱን ራሱ ይምረጥ፣ ከሁለት ደቂቃ በፊት ይጀመር፣ ስልኩን እሱ ሳይሆን ትልቅ ሰው በዓይኑ ትክክል ይያዝ። በእኛ ግምት ግን ለእርስዎ ልጅ ላባው ይሻላል። ስልኩ ያንን ቀን ያስታውሰዋል።

መቼ ይነገረው? በዚህ ዕድሜ የዕለቱ ጠዋት ይበቃል፤ ከሦስት ቀን በፊት መንገር ሦስት ቀን ማስፈራት ነው። ቃሉ አጭርና እውነት ይሁን፦ «ዛሬ ክትባት አለ። ክንድህ ላይ እንደ ቁንጥጫ ትሰማሃለች፣ ወዲያው ታልቃለች። እኔ አቅፌህ እቀመጣለሁ፣ አባባ ላባ ይይዝልሃል፣ አንተ ትነፋለህ።» «አያምም» አይበሉት። ካመመው እርስዎን ማመን ያቆማል፤ ማዘናጋቱም የሚሠራው እርስዎን ሲያምን ነው።

ቁርሱን በልቶ ይሂድ። ደጋው ብርድ ስለሆነ ልጅ ሹራብ በሹራብ ተደራርቦለት ይመጣና ልብስ ማውለቁ ብቻ ትግል ይሆናል። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ከላይኛው ክንድ ነው፤ ከውስጥ እጅጌ አጭር ያልብሱት፣ ከላይ ጋቢ ወይም በአንድ ሳብታ የሚወልቅ ልብስ ይደርቡለት።

ተራ መጠበቁ ከመርፌው ይበልጥ የሚከብድበት ጊዜ አለ። የኩፍኝ ክትባት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለ10 ልጅ በሚበቃ ብልቃጥ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየውም ቢበዛ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ልጆችን ሰብሰብ አድርገው በተከታታይ ይከትባሉ፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይከተላል። ልቅሶው የማይሰማበት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ እየተጫወታችሁ አንድ ሰው ተራ ይያዝላችሁ። እሱ ከእህቱ በፊት ይከተብ፤ እሷ ስታለቅስ ካየ አለቀ።

ከዚያ አቀማመጡ። ማጋደም ይቅር። በጀርባው የተጋደመ ልጅ ማምለጫ ስለሌለውና ከላዩ ሰው ብቻ ስለሚያይ ፍርሃቱ ይንራል። እርስዎ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እሱ ጭንዎ ላይ በጎን ይቀመጥ፣ ደረቱ ወደ እርስዎ ይዙር። የሚወጋው ክንድ በውጭ በኩል ይሆናል። ሌላው እጁ በብብትዎ ሥር አልፎ ጀርባዎን ይቀፍ። እግሮቹን በጉልበቶችዎ መካከል ያስገቡ። በአንድ እጅዎ ጀርባውን ይቀፉ፣ በሌላው የሚወጋውን ክንድ ከክርኑ በላይ ጠበቅ አድርገው ይያዙ። ይህ እቅፍም ነው፣ መያዣም ነው። ክንዱ ከተንቀሳቀሰ መርፌው ይቧጥጠዋል፤ ስለዚህ አይላላ።

ሁለቱ እጆችዎ ስለተያዙ ላባውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የአባቱ ይሁን። ባለፈው አጋድሞ የያዘው ሰው ዛሬ ከትከሻዎ ኋላ ቆሞ፣ ከልጁ ዓይን ትይዩ፣ ላባ ያስነፋዋል። ልጁ ወደ አባቱ ሲዞር ፊቱ ከመርፌው ይርቃል። የሚናገረውም አባቱ ብቻ ይሁን። እናት «አይዞህ»፣ አክስት «ጎበዝ»፣ ባለሙያዋ «ዝም በል» ካሉ ልጁ ማንን ይስማ?

ስለ «አይዞህ» አንድ ነገር እንበል። ቃሉን ከአማርኛ ልናወጣው አይደለም። ግን በተጨነቀ ድምፅ ደጋግሞ ማለቱ ልጁን ያስለቅሰዋል፤ «አይዞህ» የሚባለው ክፉ ነገር ሲመጣ መሆኑን ያውቃልና። «ይቅርታ የኔ ልጅ» ማለትም እንደዚያው ነው፣ «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ» ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በነዚህ ቦታ ስለ ላባው ያውሩ።

ጨዋታው ክንዱ ከመነካቱ ሁለት ደቂቃ ገደማ በፊት ይጀመር። ባለሙያዋን አስቀድመው «በሦስተኛው ንፊያ ላይ ይውጉልኝ» ይበሏት። በመጀመሪያው አይደለም፤ ንፊያና ውጊያ አንድ ላይ ከገጠሙ ልጁ «ንፋ» ሲባል መወጋት ነው ብሎ ይይዛል። ከመርፌው በኋላም ቢያንስ አምስተኛና ስድስተኛ ላባ ይነፋ። ብዙ ወላጅ መርፌው እንደወጣ ጨዋታውን ጥሎ «አለቀ! አለቀ! ውይ የኔ ጌታ!» ሲል ልጁ ያላለቀሰውን ለቅሶ ያኔ ይጀምራል።

ይህን የምታነቡ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ መድኃኒቱን ልጁ በማያይበት በኩል ቅዱ። ቀጥተኛ «አሁን ልወጋህ ነው» አያስፈልግም። ብዙ መርፌ በሚሰጥበት ቀን ይበልጥ የሚያመው መጨረሻ ይሁን፤ በአፍ የሚሰጥ ካለም ከመርፌው ይቅደም፣ የሚያለቅስ ልጅ አፍ ውስጥ ጠብታ ማድረግ ያንቀዋል።

ሁሉም ልጅ ማየት አይጠላም። አንዳንዱ መርፌውን እያየ ይረጋጋል፣ ፊቱን ሲያዞሩት ይብስበታል። ልጅዎ «ልይ» ካለ ይይ፤ እያየም መንፋት ይችላል።

በሩ ላይ ፍርሃቱ ከተነሣበትና ምንም የማይሰማበት ደረጃ ከደረሰ ጨዋታ አይገባውም። ወደ ውጭ ይውጡ፣ አምስት ደቂቃ አቅፈው ይቀመጡ፣ ይመለሱ። ወደ ቤት ግን አይመለሱ፤ ጮሆ ያመለጠ ልጅ በሚቀጥለው ይበልጥ ይጮሃል። ሲመለሱም ካልሆነ በዚያው በእቅፍ አያያዝ ጠበቅ አድርገው ያስጨርሱ። ማልቀሱ ጥፋት አይደለም። በኩፍኝ ከሚሞቱ ልጆች ብዙዎቹን የሚገድለው የሳንባ ምች ነው፤ የእርስዎ ልጅ ደግሞ ሳንባው አንዴ ታሟል። ክትባቱን ማስቀረት ምርጫ አይሁን።

ከተወጋ በኋላ ቦታውን በደረቅ ጥጥ ጫን አድርገው ይያዙት፣ አይሹት። ማሸት ሕመሙን አይቀንስም። ቆሎና ኦቾሎኒ ለማባበያ አይስጡት፤ የሚያለቅስ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ሽልማት ካለ «ስላላለቀስህ» አይሁን፣ «ላባውን እንዲያ አድርገህ ስለነፋህ» ይሁን። ማልቀስ በእጁ አይደለም፤ መንፋት በእጁ ነው።

ያን ዕለት ማታ ደግሞ ጎረቤት ለቡና ይሰበሰባል። «ኧረ እንዴት እንደጮኸ ብታዩ!» ተብሎ ልጁ እየሰማ መሳቅ የተለመደ ነው። ይህን እባክዎ ያስቀሩ። ልጅ የሚይዘው የሆነውን ብቻ አይደለም፣ ሲነገር የሰማውንም ነው። «ስንት ላባ ነፋህ? የመጨረሻው የት ወደቀ?» ብለው ይጠይቁትና ለአያቱ እሱ ራሱ ያውራ። ለሚቀጥለው መርፌ የሚዘጋጀው በዚያች ወሬ ነው።

የታናሽቱ ነገር ቀላል ነው። ለ9 ወር ሕፃን ከጡት የሚበልጥ ማዘናጊያ የለም። ከመርፌው ጥቂት ደቂቃ በፊት ያስይዟት፤ በደንብ እየጠባች የሚወጋው ክንድ በውጭ በኩል ሆኖ ትወጋ፣ ከዚያም ሳትነጠል ትቀጥል። ጡት ለቃ ብታለቅስ መልሰው ያስይዟት። «ጣፋጭ ያረጋጋል» የሚል ሰው ማር ሊያስልሳት ይችላል፤ የጎጃም ማር ጥሩ ነው፣ ነገር ግን 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ አንጀቷ ውስጥ መርዝ ሊፈጥር ይችላል።

«እንዳያማቸው» ተብሎ ከክትባት በፊት ፓራሲታሞል መስጠት አያስፈልግም። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ግን ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ መለስተኛ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ ሊታይ ይችላል። ትኩሳቱ ካስጨነቃቸው ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ይሰጣል፤ ሽሮፑ በአንድ ማንኪያ የሚይዘው መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ብልቃጡን ለፋርማሲው አሳይተው ያስለኩ። እሷ በ15 ወሯ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ትወስዳለች፤ ያን ጊዜ ወንድሟ ላባ ያዥ ይሆናል።